ሜካትሮኒክስ፣ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ወይስ ሶፍትዌር? ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት

ማሽንን፣ ኤሌክትሪክንና ሶፍትዌርን አንድ ላይ የሚያስተምረውን ሜካትሮኒክስ ምህንድስና ልማር ብሎ የሚያማክር ተማሪ ሁለት ዓይነት መልስ ይገጥመዋል። አንዱ ወገን «ሦስት ሙያ በአንድ ዲግሪ ነው፤ የትም ብትሄድ ሥራ አታጣም» ይለዋል። ሌላው ወገን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብሎ ወደ መካኒካል ወይም ወደ ኤሌክትሪካል ይመልሰዋል። እኔ ከማሽን ጋር በዋልኩባቸው ዓመታት የሁለቱንም ወገን እውነት አይቻለሁ። ትምህርቱ የሚክሰው ሰው አለ፣ የሚያንገላታውም አለ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከጉብዝና አይመጣም። ተማሪው ሲመርጥ ምን እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚቀርበት ያውቅ ነበር ወይ? ከዚያ ይመጣል። የሚቀረውም በግልጽ እንዲነገር ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር

ሜካትሮኒክስን ከትርጉሙ ይልቅ አንድ ብልሽት የተሻለ ያስረዳዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጠርሙስ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየቆጠረ ካርቶን ውስጥ የሚያስገባ የማሸጊያ መስመር ነበረን። ማጓጓዣው በሴኮንድ 0.6 ሜትር ሲሄድ ምንም ችግር አልነበረም። ምርት ይጨመር ተባለና ፍጥነቱ ወደ 1 ሜትር ከፍ ሲል አንዳንዱ ካርቶን 11 ጠርሙስ ይዞ መውጣት ጀመረ። ቆጣሪው ግን 12 ነው የሚለው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሴንሰሩን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ኬብሉንም ቀየረ፤ ያው ነው። ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሴንሰሩ አንዱን ጠርሙስ ሁለት ጊዜ እያየ መሆኑን ስደርስበት፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ 50 ሚሊሴኮንድ ሳይሞላ ጠርሙሱ አልፏል ብሎ እንዳይወስን አደረግኩት። በቀስታ ፍጥነት ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ካርቶኖቹ 13 ጠርሙስ ሊይዙ ሲታገሉ መስመሩ ተዘጋ።

ሂሳቡ ቀላል ነበር። የጠርሙሱ ስፋት 65 ሚሊሜትር ነው፤ ሴንሰሩ የሚያየው አንገቱ ደግሞ 28 ሚሊሜትር። ሁለት ጠርሙሶች ተጠጋግተው ሲመጡ በአንገቶቻቸው መካከል 37 ሚሊሜትር ክፍተት ይኖራል። በሴኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት ይህ ክፍተት የሚቆየው 37 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። 50 የሚጠብቅ ፕሮግራም ክፍተቱን ጨርሶ አያየውም፤ ሁለቱን ጠርሙስ አንድ አድርጎ ይቆጥራል። በድሮው ፍጥነት ግን ያው ክፍተት ወደ 62 ሚሊሴኮንድ ስለሚቆይ ሙከራዬ አሳሳተኝ።

መልሱን ያገኙት በጥገና ክፍል ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። መስመሩ እየሄደ መዳፋቸውን ሴንሰሩ የታሰረበት ላሜራ ላይ አሳረፉና «ና እስኪ ንካው፤ ይሄ እኮ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ላሜራው ስስና ረጅም ነበር። በአዲሱ ፍጥነት የሞተሩ ንዝረት ከላሜራው የራሱ ንዝረት ጋር ገጠመና ሴንሰሩን ያወዛውዘው ጀመር፤ ሲወዛወዝ የአንዱን አንገት ጠርዝ ለቆ እንደገና ይይዘዋል። ላሜራውን በአጭርና ወፍራም ብረት ቀየርነው። የእኔን 50 ሚሊሴኮንድ ወደ 5 አወረድኩት። ችግሩ በዚያው አለቀ።

መፍትሔው በሦስት በር ሊገባ ይችል ነበር፤ በብረት፣ በሽቦ ወይም በኮድ። እያንዳንዳችን በእጃችን የለመድነውን መሣሪያ አነሳን። ያልነበረን ሦስቱንም አንድ ላይ አይቶ «ይሄ ነገር በየትኛው ቢፈታ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሜካትሮኒክስ ሲጠቃለል የዚህ ጥያቄ ትምህርት ነው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1969 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፈጠረው የጃፓኑ ያስካዋ ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቴትሱሮ ሞሪ ነው፤ መካኒክስንና ኤሌክትሮኒክስን አጋብቶ። ኩባንያው ለጊዜው የንግድ ምልክት አድርጎ ይዞት ነበር፣ በ1980ዎቹ ሲለቀው የሁሉም ሆነ። ያኔ ሶፍትዌር እንደ ዛሬው አይመዝንም ነበር። በኋላ ግን ቦሽና መርሴዲስ በ1978 ለገበያ ያወጡትን ኤቢኤስ ፍሬን ብታዩ የሦስቱ ጋብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎማው ላይ የፍጥነት ሴንሰር አለ፣ የፍሬን ዘይቱን ግፊት የሚይዝና የሚለቅ ቫልቭ አለ፣ በመካከላቸው ጎማው ሊቆለፍ መሆኑን የሚወስን ኮምፒውተር አለ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

ከመካኒካል ጋር ሲነጻጸር

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ተመሳሳይ ነው፤ ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲክስ፣ የፕሮግራሚንግ መግቢያ። መንገዱ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። የሜካትሮኒክስ ተማሪ ዳይናሚክስ፣ የቁሳቁስ ጥንካሬና የማሽን ክፍሎች ንድፍ ይማራል። ቴርሞዳይናሚክስን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ኮርስ ይሻገረዋል፤ የሙቀት ዝውውርንና የፈሳሽ መካኒክስን ወይ በጥቂቱ ያያቸዋል ወይ ጨርሶ አያያቸውም። ቦይለር፣ ተርባይን፣ ፓምፕ፣ ማቀዝቀዣና የሕንፃ አየር ማስተካከያ የሚባለው ዓለም በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሙቀትና ፍሰት ልባችሁን የሚስበው ከሆነ ሳታመነቱ መካኒካል ግቡ። በኋላ በራሳችሁ ለማሟላት ቀላል የሆነ ዘርፍ አይደለም።

መካኒካል ሌላም ብልጫ አለው፤ ስሙ። የትኛውም ቀጣሪ መካኒካል መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ማስታወቂያ ላይም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስና» ነው፤ ሜካትሮኒክስ ያጠና ሰው «እኔም እበቃለሁ» ብሎ ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። ጎበዝ ሰው ያስረዳል፤ ድካሙ ግን አይካድም።

ቁርጥ ያለ ሐሳቤን ልናገር። ገና ምን እንደሚወድ ያላወቀና ቤተሰቡም ዕድሉን እንዲያጠብበት የማይፈልግ ተማሪ መካኒካል ቢገባ አይጸጸትም። በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ኮንትሮል (ማሽን የታዘዘውን ይዞ እንዲቆይ የማድረግ ትምህርት)፣ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) እና ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚያዝ ኮምፒውተር) በምርጫ ኮርስነት ከወሰደ ወደ ሜካትሮኒክስ ሥራ በሰፊው ይጠጋል። የሚጎድለው ልምምድ ነው። ፕሮግራሚንግን በአንደኛ ዓመት ያየዋል፣ ሳይነካው ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ሲመረቅ ረስቶታል። ሽቦም ይፈራል። ኩሽኔታ ለምን ያለጊዜው እንደተበላ በድምፁ የሚለይ መካኒካል መሐንዲስ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ሲከፈት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አይቻለሁ። ሜካትሮኒክስ ይህን ፍርሃት ገና ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያስወግዳል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው።

ከኤሌክትሪካል ጋር

ሜካትሮኒክስ የገባ ሰው እዚህ የሚተወው የኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድ ትምህርት፣ የኃይል ማመንጨትና ማስተላለፍ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ቴሌኮሙኒኬሽንና የቺፕ ንድፍ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የንፋስና የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ሰብስቴሽን ላይ መሥራት የሚያምረው ሰው ኤሌክትሪካል ይግባ። በብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ንድፍ ላይ ለመፈረም ፈቃድ የሚሰጠው በዲግሪው ስም ስለሆነ ጉዳዩ የእውቀት ብቻ አይደለም። ልትሠሩበት በምታስቡበት አገር ፈቃድ ሰጪው አካል ሜካትሮኒክስን በየትኛው ዘርፍ ሥር እንደሚመዘግብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፕሮግራሙ በዋሽንግተን ስምምነት አባል አገር እውቅና ያለው ከሆነም ይጠቅማችኋል። ይህ በ1989 የተጀመረ፣ የአባላቱ እውቅና ሰጪዎች አንዳቸው የሌላውን የምህንድስና ዲግሪ እንዲቀበሉ የሚያደርግ ስምምነት ነው።

የኤሌክትሪካል ተመራቂን ጥንካሬ የማየው የማይታይ ነገር ሲመጣ ነው። ለምሳሌ የሞተር ኬብልና የሴንሰር ኬብል በአንድ ቱቦ ውስጥ ተጎዳኝተው ከሄዱ፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሴንሰሩ የሌለ ነገር አየሁ ሊል ይችላል። ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው፣ ብረቱም ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በሁለቱ ኬብሎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ኤሌክትሪካል የተማረ ሰው ይህን በሂሳብ ያብራራዋል። ሜካትሮኒክስ የተማረ ሰው ቢያንስ መጠርጠር አለበት። መጠርጠር የማያስተምር የሜካትሮኒክስ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ኤሌክትሪካል ይሻላችኋል።

ከሶፍትዌር ጋር

ይህ ንጽጽር አጭር ነው። ፕሮግራም መጻፍ ብቻ የሚወድ ሰው ሜካትሮኒክስ ውስጥ ይማረራል። የቁሳቁስ ጥንካሬ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ዳታቤዝ ደግሞ በሚገባ አያገኝም። የሥራው ጊዜም የተለየ ነው። ሶፍትዌር ላይ ስሕተትን አርሞ እንደገና ለማየት ደቂቃ ይበቃል። ማሽን ላይ አንድ ቀዳዳ በሁለት ሚሊሜትር ከተሳሳተ ክፍሉ ተመልሶ ቶርኖ ቤት ይገባል፣ ሳምንት ይጠበቃል። ኮድ ሲሳሳትም ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ሰው አጠገቡ ካለ ደግሞ ከዚያ የከፋ ይመጣል። ይህ ክብደት ኃላፊነት ሆኖ የሚሰማው ሰው ነው ለእኛ ሙያ የሚሆነው።

የሮቦት ሶፍትዌር ብቻ ለሚፈልግ ግን ሌላ ጥሩ መንገድ አለ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቶ ሊኒየር አልጀብራን አጥብቆ መያዝ።

ዲግሪ ብቻ አይደለም ምርጫው

ሜካትሮኒክስን በቴክኒሺያንነት መማርም አለ። ጀርመን በ1998 ሜካትሮኒክስን ራሱን የቻለ የሙያ ሥልጠና አድርጋ ጀምራለች፤ ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ፣ ሠልጣኙ ሳምንቱን በፋብሪካና በትምህርት ቤት መካከል የሚያካፍልበት ነው። በዓለም አቀፉ የወርልድስኪልስ የሙያ ውድድርም ሜካትሮኒክስ ለሁለት ሰዎች የሚሰጥ የቡድን ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ መስመር ይገጥማሉ፣ ፕሮግራም ይጽፋሉ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ፈልገው ያገኛሉ። እጁ ሥራ ካልነካ የሚጨነቅ፣ አራትና አምስት ዓመት ቲዎሪ መቀመጥ የሚከብደው ልጅ በዚህ በኩል ገብቶ በኋላ ዲግሪውን ቢጨምር አንድም ነገር አይጎድልበትም። ወላጆች ይህን መንገድ እንደ ውድቀት ባያዩት ደስ ይለኛል። ቅድም የነገርኳችሁ ጋሼ የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው አማራጭ መጀመሪያ መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ተምሮ ማስተርሱን በሜካትሮኒክስ ማድረግ ነው። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ሥር የሰደደ ሙያ ይዞ ወደ ሌሎቹ መዘርጋትን ይፈቅዳል። ዋጋው ሁለት ተጨማሪ ዓመት ገደማ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ሜካትሮኒክስ የሚገባ ሰውም ቢሆን በሦስተኛ ዓመት አካባቢ አንድ ዛፍ መምረጥ አለበት። ኮንትሮል፣ ኢምቤድድ ሲስተም (ዕቃ ውስጥ የተቀበረ ኮምፒውተር) ወይም የማሽን ንድፍ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር «ከዚህ ክፍል ሰዎች ይልቅ እኔ ይሄን አውቃለሁ» የሚልበት አንድ ነገር መኖሩ ነው። ሳይመርጥ የተመረቀ ሰው ላይ ነው ያ የሁለት ዛፍ ምሳሌ የሚሠራው።

ሥራው የት ነው ያለው?

«ሜካትሮኒክስ መሐንዲስ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሥራ የለም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚወጣው፤ አውቶሜሽን መሐንዲስ፣ ኮንትሮል መሐንዲስ፣ ኢምቤድድ መሐንዲስ፣ የሮቦት ኢንቴግሬተር፣ የኮሚሽኒንግ መሐንዲስ፣ የአስተማማኝነት መሐንዲስ።

ለአዲስ ተመራቂ በሩ ሰፊ የሚሆነው በአውቶሜሽን በኩል ይመስለኛል። የዚህ ዓለም ዋና መሣሪያ ፒኤልሲ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመኪና ፋብሪካዎች በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) የተሞሉ ግዙፍ ሣጥኖች ሰልችቷቸው ሳለ የተወለደ ነው፤ ያኔ የምርት መስመር ሲቀየር ሽቦው እንደ አዲስ ነበር የሚዘረጋው። ላደር የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሪሌ ንድፍ የሚመስለውም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሳይቸገሩ እንዲያነቡት ነው። አይኢሲ 61131-3 የተባለው ዓለም አቀፍ የፒኤልሲ ቋንቋዎች ደረጃ በ1993 ከወጣ ወዲህ ቋንቋዎቹ በየኩባንያው ተቀራራቢ ሆነዋል፤ ስለዚህ ሲመንስ ላይ የተማረ ሰው ሮክዌል ላይ ወይም ኮዲሲስ ላይ ለመሥራት ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይፈጅበትም። የምህንድስና ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮግራም መጻፍ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ግማሹ ኮሚሽኒንግ ነው፤ ማሽኑ የተተከለበት ቦታ ሄዶ ሕይወት መስጠት። ፋብሪካ የሚቆመው በእረፍት ቀንና በበዓል ስለሆነ የእናንተ ሥራ የሚበዛው ያኔ ነው። ለሳምንታት ከቤት መራቅ አለ፣ ሌሊት አለ። ወጣት ሆኖ ላላገባ ሰው ከየትኛውም ትምህርት ቤት የበለጠ ያስተምራል። ልጅ ላለው ሰው ይከብዳል፤ ይህን ቀጣሪዎች በቃለ መጠይቅ ላይ አጥብቀው አይናገሩትምና እናንተ ጠይቁ።

ኢምቤድድ ማለት ዕቃው ውስጥ የተቀበረችውን ትንሽ ኮምፒውተር ማዘዝ ነው፤ የመኪና መስኮት፣ የመድኃኒት ፓምፕ፣ ድሮን። ሲ ቋንቋን፣ የቺፑን መግለጫ ገጽ በገጽ ማንበብንና ኦሲሎስኮፕን (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይጠይቃል። እዚህ ከኤሌክትሪካልና ከኮምፒውተር ምህንድስና ተመራቂዎች ጋር ፊት ለፊት ትወዳደራላችሁ። በኮድ ብቻ አታሸንፏቸውም። የምታሸንፉት የሞተሩንና የሸክሙን ጠባይ በማወቅ ነው፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበትን ምርት ፈልጉ።

ሮቦቲክስ የሚለው ስም ሥር ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎች አሉ። አንዱ የኢንቴግሬተር ሥራ ነው። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ የጋለ ብረት ከማቅለጫ ቅርጽ ማውጣት ከጀመረ ጀምሮ መሠረቱ አልተቀየረም። የተዘጋጀ ክንድ ይገዛል፤ መያዣውን፣ መቆሚያውን፣ የደኅንነት አጥሩንና የዑደት ጊዜውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ለደኅንነቱ አይኤስኦ 10218 የሚባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ማወቅ ግዴታ ነው። ይህን ሥራ በመጀመሪያ ዲግሪ ማግኘት ይቻላል። ሌላው ሮቦቱ እንዴት እንደሚያይ፣ እንዴት መንገድ እንደሚመርጥ የሚያጠናው ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ፓይተን፣ አርኦኤስ (የሮቦት ፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር) እና ብዙ ሂሳብ አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ይጠየቃል። ብዙ ተማሪ በቪዲዮ ያየውን ሁለተኛውን ሥራ እያሰበ ይገባና ሲመረቅ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነው። አስቀድሞ ካወቀ አያዝንም፤ የመጀመሪያው ክቡር ሥራ ነው።

ጥገናና አስተማማኝነት ብዙ አይወራለትም። ግን ፋብሪካ ባለበት ሁሉ አለ፣ ሰውም ቤቱ ያድራል። የቴክኒክ ሽያጭ ደግሞ አንደበት ላለው መሐንዲስ ጥሩ ይከፍላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይወስዳል ወይ የሚለውን ሁሉም ይጠይቀኛል። ኮድ መጻፉን ያፋጥነዋል፣ አሁንም እያፋጠነው ነው። ላሜራው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ግን መስመሩ አጠገብ ቆሞ የነካ ሰው ነው የሚያውቀው። ሴንሰር ያልተገጠመበትን ነገር ኮምፒውተሩ አያየውም፤ የት እንደሚገጠም የሚወስነው ደግሞ መሐንዲሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ስትመርጡ

ከዲግሪው ስም ይልቅ የፕሮግራሙ ጥራት ይበልጣል። ደካማ ሜካትሮኒክስ ከጠንካራ መካኒካል ጋር አይወዳደርም። ፕሮግራሙ ያለው በመካኒካል ፋኩልቲ ሥር ከሆነ ንድፉ ይከብዳል፤ በኤሌክትሪካል ሥር ከሆነ ኮንትሮሉና ኮዱ ይከብዳል። ሥርዓተ ትምህርቱን አውርዳችሁ ኮንትሮል ስንት ኮርስ እንደሆነ ቁጠሩ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ስሙ ነው ያለው። ላብራቶሪው የሚሠራው በሲሙሌሽን ብቻ ነው ወይስ በእውነተኛ ዕቃ? ለአንድ የፒኤልሲ መለማመጃ ስንት ተማሪ ይሰለፋል? የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ከንድፍ እስከ የሚንቀሳቀስ ማሽን ይደርሳል ወይስ በወረቀት ያበቃል?

ከዚህ ሁሉ የምትመርጡት አንድ ፍተሻ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ምረጡ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ «የኢንዱስትሪ ሴንሰሮች ምልክት ለምን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒየር ሆነ? ለምን ከዜሮ አልጀመረም?» በሉት። መልሱ የሙያውን አስተሳሰብ ይዟል። ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ የግፊት ሴንሰር ብናስብ፣ 4 ሚሊአምፒየር ማለት ግፊት የለም ማለት ነው፣ 12 ማለት 5 ባር ነው፣ 20 ማለት 10 ባር። ዜሮ ከመጣ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ሽቦው ተቆርጧል። ምልክቱ ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ የተቆረጠ ሽቦና ባዶ ታንክ አይለዩም ነበር። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍም እንዲሁ በሰላሙ ጊዜ የተዘጋ ሰርክዩት ሆኖ ነው የሚዘረጋው፤ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ቁልፉ ሞቶ ማሽኑ አይቀጥልም። ይህን ፈገግ ብሎ የሚያስረዳችሁ ተማሪ ካለ፣ እዚያ የሚያስተምሩት ሰዎች ማሽን ነክተዋል።

ከመወሰናችሁ በፊት የምትሠሩት

ምክር ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። ኢንኮደር (የዘንጉን መዞር የሚለካ ሴንሰር) ያለው ትንሽ ዲሲ ሞተር፣ የሞተር ድራይቨር (ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብል ሰርክዩት) እና እንደ አርዱዪኖ ያለ ፕሮግራም የሚጻፍበት ሰሌዳ ያስፈልጋል። ግቡ ያዘዛችሁትን አንግል ሞተሩ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ሞተሩን በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩ። ኢንኮደሩን አንብቡ። መጀመሪያ ስሕተቱን፣ ማለትም በታዘዘው አንግልና ሞተሩ ባለበት መካከል ያለውን ልዩነት፣ በቁጥር እያበዛችሁ ለሞተሩ ስጡት፤ ወደ ግቡ ይሄድና ጥቂት ሲቀረው ይቆማል፣ ምክንያቱም የቀረችው ትንሽ ኃይል ፍትጊያውን አታሸንፍም። ከዚያ ስሕተቱን በጊዜ እየደመረ የሚሄድ ክፍል ጨምሩበት፤ አሁን ይደርሳል። ዘንጉን በጣታችሁ አሥር ሴኮንድ ያህል ይዛችሁ ልቀቁት። ሞተሩ ግቡን አልፎ ይፈተለካል፤ ይዛችሁት ሳለ ድምሩ ዝም ብሎ ሲከመር ስለነበር ነው። ለድምሩ ወሰን ስታበጁለት ይረጋጋል። በመጨረሻ ስሕተቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት የሚያይ ክፍል ጨምሩ። ኒኮላስ ሚኖርስኪ በ1922 መርከብን በራሱ ስለሚመራ መሪ ሲጽፍ ያቀረበው ሦስትዮሽ ይህ ነው፤ ዛሬ ፒአይዲ የምንለው።

ይህ ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜና እሁድ ይፈጃል። ስትሠሩ ራሳችሁን ተመልከቱ። ጊዜያችሁን የወሰደው የሞተሩን መቆሚያ ማሳመርና የጊሩን ልቅነት መቀነስ ከሆነ መካኒካል ናችሁ። የኢንኮደሩ ምልክት ለምን እንደሚቆሸሽ ካልተረዳችሁ የማትተኙ ከሆነ ኤሌክትሪካል። ሞተሩን ረስታችሁ ኮዱን ሦስት ጊዜ ካደሳችሁት ሶፍትዌር። ሞተሩ ሲፈተለክ ጥፋቱ በብረቱ ይሁን በሽቦው ወይስ በኮዱ አለማወቃችሁ ራሱ ደስ ካሰኛችሁና ሦስቱንም እየተመላለሳችሁ ካሰሳችሁ፣ ቅጹ ላይ ሜካትሮኒክስን አንደኛ አድርጉ። ሁለተኛውን ቦታ በአካባቢያችሁ ካሉት ፕሮግራሞች ጠንካራ ላብራቶሪ ላለው ስጡት፤ መካኒካልም ይሁን ኤሌክትሪካል፣ በምርጫ ኮርሶች ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።